ሩቂያን ላመጣ የሄድኩ ጊዜ

ከተመለስኩ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ መንገድ ላይ ያላቆመኝ ሰው የለም። «እሺ ጽጌ፣ ጎጃም እንዴት ነው? እውነት ሰው በዓይናቸው ይበላሉ?» ይለኛል አንዱ። ሌላዋ ስለ ሐይቁ ትጠይቀኝና መልሴን ሳልጨርስ «ሩቂያስ የታለች?» ትላለች። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ጥያቄ፣ ቢሮ የጽሕፈት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ጥያቄ። አንድ ወሬ ስንት ጊዜ ይወራል አቦ! ምላሴ ደከመ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ባሕር ዳርን አይቶ የማያውቅ፣ ምናልባትም የማያይ ሰው ያንብበው።

ሩቂያን ለማያውቃት፣ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ያደገች ልጅ ናት። የእናቷና የእናቴ በር ፊት ለፊት ነበር። ሙቀት ሲብስ ደጅ አንድ ምንጣፍ ላይ እንተኛለን። ለፋሲካ እኛ ቤት፣ ለኢድ እነሱ ቤት፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ኋላ ኢድሪስ የሚባል የባሕር ዳር ነጋዴ ዕቃ ሊገዛ ድሬ ሲመላለስ አያትና አግብቶ ይዟት ሄደ። ግቢው ያኔ ጭር አለብኝ፤ እስከ ዛሬም ጭር እንዳለ ነው። ኢድሪስ አምና ታሞ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። እናቷም ቀደም ብለው አርፈዋል። እኔም አግብቼ ፈትቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። ታዲያ ሩቂያ እዚያ ምን ትሠራለች? ይህን አሰብኩና ትርፍ ክፍሌን ኖራ አስቀብቼ ላመጣት ተነሳሁ።

ደግሞም ጎጃሞችን የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር። ልጆች ሳለን ሰፈራችን ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ የጎጃም ሴት፣ የአሥር አለቃ ሚስት፣ ተከራይተው ነበር። አንድ ቀን ሩቂያ ውኃ ጠምቷት ለመነቻቸው። ሰጧት። ጠጥታ ስትመልስ ኩባያውን በአመድ ፈተጉት፣ ፈተጉት፣ እሷ ቆማ እያየች። በቃ! እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎጃምን በሙሉ አውቄ ጨረስኩ። ሩቂያ ጎጃሜ አገባች ሲሉኝም ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ኩባያ ነው። እዚያ አገር በኩባያ ተለይታ፣ ማንም ሳይቀርባት፣ የባሏን እናት እያገለገለች ትኖራለች ብዬ ስንት ሌሊት ተገላበጥኩ።

ሰኞ

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ ከቢሮ የዓመት ፈቃድ ይዤ ማለዳ ባቡር ተሳፈርኩ። ለሩቂያ ሦስት ድሪያ ገዝቼላታለሁ፤ ድሪያ የእኛ አገር ሴት ለሙቀት የምትለብሰው ስስ ሰፊ ቀሚስ ነው። የኮንትሮባንድ ዕቃ ስለሆነ ፈታሽ ካገኘው ይወርሰዋል። የድሬ ሴት ደግሞ መላ አታጣም። ሦስቱንም ደራርቤ ለበስኩ፣ ከላይ የራሴን ቀሚስ፣ ከዚያ ላይ ሹራብ። አዋሽ ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን በርብሮ በርብሮ የድሬን ጣፋጭ፣ ሐላዋና ሙሸበክ፣ ብቻ አገኘ። ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ፊትሽ ቀጭን ነው፤ ወገብሽ ግን የሌላ ሰው ነው» አለኝ።

«እርጉዝ ሴት አይተህ አታውቅም?» አልኩት።

ከሙሸበኩ አንድ ጥቅል አነሳና «በሰላም ተገላገይ» ብሎኝ አለፈ። የፈታሽ ደግ እንዲህ ነው፤ ሙሸበኩን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ አዲስ አበባ የአውቶቡስ ትኬት ሰልፍ ላይ ዋልኩ። ስለ አዲስ አበባ የምጽፈው የለኝም፤ ብርዱንም ሰልፉንም ሁሉም ያውቀዋል።

ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ አገራቸው የሚመለሱ የደጀን ሽማግሌ ነበሩ፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። ገና ከከተማ ሳንወጣ የሽምብራ ቆሎ ከኪሳቸው ዘግነው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። «ያዢ ልጄ፣ መንገድ ሩቅ ነው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ከድሬ ስነሳ ጎረቤቱ ሁሉ «የጎጃም ሰው የሰጠሽን እንዳትቀምሺ፤ መድኃኒት ያደርጉበታል» ብሎ አስጠንቅቆኛል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ የበላሁ መስዬ ወደ ኪሴ ጨመርኩት። ትንሽ ቆይተው ደገሙኝ። እንደገና ወደ ኪሴ። ሽማግሌው ጉንጬን እያዩ «ፈጣን ነሽ» አሉኝ።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ድሬን አስታወሰኝ። ልዩነቱ ድሬ ላይ በአንድ ድሪያ መሆኔ ነው፣ እዚህ በሦስት። በዚያ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩና ረዳቱ ጎማ ሲቀይሩ እኛ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ላቤ ከአንዱ ቀሚስ ወደ ሌላው ሲሄድ ይታወቀኛል። ሽማግሌው አዩኝና ጋቢያቸውን በከዘራቸው ላይ ወጥረው ጥላ ሠሩልኝ። ጎማው እስኪቀየር ድረስ ሳያወርዱት ቆሙ። ደጀን ሲወርዱ «ቤት ገብተሽ እህል ቅመሺ፣ አውቶቡሱን አስቆመዋለሁ» ብለው ቢለምኑኝ እምቢ አልኳቸው።

ደብረ ማርቆስ ስናድር የያዝኩት አልጋ ቤት ምግቡን ጨርሶ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ያኔ ሦስቱ ድሪያ ጠቀመኝ። ረሃብ ሲጠናብኝ ኪሴን ፈተሽኩ፤ የሽማግሌውን ቆሎ አልጋ ላይ አፍስሼ አንዲት ፍሬ ሳላስቀር በላሁት። ከአንድ ጥርሴ በቀር የታመመ አካል የለኝም።

ሐሙስ

ከደብረ ማርቆስ ወዲያ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። እኛ አገር ዛፍ ከዛፍ ይራራቃል፣ ወንዛችን ደቻቱ አሸዋ ነው፤ ውኃ የሚሄድበት ቀን እንደ በዓል በስሙ የሚጠራ ነው። እዚህ ውኃ በየጎድጓዳው ተኝቷል፣ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ሣር ውስጥ ቆሟል። ዱርቤቴ ገበያ ውሎ ነበር፤ አንዲት ሴት በመስኮት የሸንኮራ አገዳ አቀበለችኝና አውቶቡሱ ሳንቲሙን ሳልሰጣት ተነሳ። ስጮህ እሷ በእጇ «ተይው፣ ሂጂ» አለችኝ። መራዊን አለፍን፤ ፀሐይ ሲያዘነብል ባሕር ዳር ገባን።

ሩቂያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች፣ ጥቁር ሻሽ አስራለች። አቅፌያት መላቀቅ አቃተኝ። «ወፍረሻል» አለችኝ። «ያንቺው ልብስ ነው» አልኳትና መንገድ መሐል ሳቅን፣ አለቀስን። ስትናገር ግን «ደረስሁ» «ጠበቅሁሽ» እያለች እንደ ጎጃሜ ነው፤ «ምላስሽን እዚህ ቀየሩልሽ?» ብዬ አሾፍኩባት።

የኢድሪስ እናት እማማ ሐዋ በር ላይ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው ብቻ የሚናገር ሴት ናቸው። እኔ እንደ አገሬ «አንቺ እማማ፣ እንዴት ነሽ?» ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኩ። ሩቂያ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። በእኛ አገር ሽማግሌም «አንተ» ይባላል፣ ማንም አይቀየምም፤ እዚህ አንገትን ሰበር አድርጎ «እርስዎ» ነው። እማማ ሐዋ ግን ፈገግ አሉና «ግቢ ልጄ፣ ቤትሽ ነው» አሉኝ።

ከዚያ እራት ቀረበ። ለእኔ ለብቻዬ ትሪ። ወጡ እጀታው ላይ ቀይ ክር ከታሰረበት ድስት ተጨልፎ መጣ። ውኃም አበባ ባለበት በሌላ ኩባያ ተቀዳልኝ። ሩቂያና አማቷ ማዶ በሌላ ትሪ ከሌላ ድስት ይበላሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ያንቺ ነው» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሌላ አልጠየቅኩም። ከአንድ ትሪ የበላሁት ልጅ ትሪ ለየችብኝ! የወይዘሮ አልጋነሽን አገር እዚሁ አገኘሁት አልኩ፤ እንዲያውም ሩቂያን ራሷን ጎጃም አድርገዋታል። ስንተኛ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ እሷ የጉዞ ድካም መሰላት።

ዓርብ

ከተማው ያምራል፣ አልክድም። መንገዱ ግራና ቀኝ ዘንባባ ነው፤ የእኛ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ግን ይበልጣል። ሰው ሁሉ ብስክሌት ላይ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ ብስክሌቱ እንደ ጎርፍ ይወጣል፤ አንዱ ነጂ ደወሉን ቢደውልልኝ ወደ ግራ ልሽሽ ወደ ቀኝ ስወላውል ጭቃ ውስጥ ገብቼ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ልጁ ወርዶ በእጁ ቆፍሮ አወጣልኝና በራሱ ሹራብ ጠረገልኝ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ደግሞ ጫማዬንም ረሳሁት። ያን ያህል ውኃ በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ወዲያ ማዶው አይታይም።

«ሩቂያ» አልኳት፣ «ሻንጣሽን አዘጋጂ። ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። እዚህ ማን አለሽ?»

ውኃውን እያየች «እስቲ እናያለን» አለችኝ።

ሩቂያ «እስቲ እናያለን» ካለች ነገሩ ከብዷታል ማለት ነው፤ ከልጅነቷ አውቃታለሁ። እኔ ግን ፈርታ ነው አልኩ። እነዚህ ሰዎች አስፈራርተዋታል። ቤት ስንገባ እማማ ሐዋ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚያገኙትን ስኳር ለእኔ ሻይ ብለው ሲያጠራቅሙ መቆየታቸውን አየሁ፤ በዚያ በአበባው ኩባያ ሦስት ማንኪያ ጨመሩልኝ። ጣፋጩን ሻይ እንደ ኮሶ ጠጣሁት።

ቅዳሜ

ጠዋት ግቢ ውስጥ በግ ሲጮህ ነቃሁ። የአጥር ጎረቤታቸው አያ ይግዛው ነጭ ሪዝ ያላቸው ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። መጥተው በስመ አብ ብለው ባርከው አረዱት። ሚስታቸው እትዬ የሻረግ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያንን ባለ ቀይ ክር ድስት ጣዱ። በሌላው ጥግ ደግሞ እማማ ሐዋ በሙስሊም እጅ የታረደ ዶሮ ለራሳቸው ይሠራሉ። ለአንድ እንግዳ ሁለት እሳት፣ ሁለት ወጥ! በጉ ለእኔ መምጣት ነው ተባልኩ።

እትዬ የሻረግ እያማሰሉ አጫወቱኝ። «ይህ ድስት የእኛ ነው እቴ፤ እማማ ሐዋ ቤት ይቀመጣል። የእነሱ ደግሞ እኛ ቤት አለ። ሰርግም ክርስትናም ስንደግስ እነሱ በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ባራኪ ይሠራሉ። እነሱ ሲደግሱ እኛ። ከአማቶቻችን የወረስነው ነው» አሉኝ። ጆሮዬ ሰማ፤ ልቤ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ተቀይሟልና አልሰማም።

እኩለ ቀን ላይ ምግቡ ቀረበ። እኔ፣ አያ ይግዛውና እትዬ የሻረግ በአንዱ ትሪ፣ እማማ ሐዋና ሩቂያ በሌላው። አያ ይግዛው ጸሎት አደረሱ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ሩቂያ ላይ ነው። ራሷን ደፍታ ትበላለች። አላስችል አለኝ። ብድግ ብዬ ሄድኩና አጠገቧ ዱብ አልኩ።

«እኛ ድሬ እንዲህ አናውቅም! ጠጋ በይ!» አልኩና ከዶሮው አንድ ብልት አንስቼ እየሳቅኩ በላሁት። የሚያጨበጭቡልኝ መስሎኝ ነበር፣ እንዴት ሞኝ ነኝ።

ሩቂያ እጇን ከትሪው አነሳች። እትዬ የሻረግ «በስመ አብ!» አሉ። አያ ይግዛው ቀስ ብለው ተነሱ፣ ኩታቸውን አስተካከሉ። «ምነው ልጄ፣ ምን አደረግሽ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፣ ሐዘን ነው። ከዚያ ሳይበሉ ወጡ። ሚስታቸው ተከተሏቸው፣ ድስቱን እንኳ አልከደኑትም።

እማማ ሐዋ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። «በዚህ ሰፈር ባሌን ቀበርሁ፣ ልጄን ቀበርሁ፣ የማንንም ሃይማኖት ሳልነካ ኖርሁ። ዛሬ እንግዳዋን በግብዣ አሰለመቻት ልባል?»

ሩቂያ ናት ያስረዳችኝ። እዚህ አገር የእስላም ሥጋ የበላ ክርስቲያን ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የሚባለው። አውቃ በላች አይሉም፤ አታለው አበሏት ይላሉ። «ነገ ድስታችንን መልሱልን ቢሉንስ?» አለችኝ። «ያ ድስት ከወጣ በዚህ ቤት ማን ይገባል? ለቅሶ እንኳ ማን ይደርሰናል? ኢድሪስ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛውን ያበሉት እነሱ ናቸው ጽጌ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከአጥሩ ማዶ እትዬ የሻረግ ለአንዲት ሴት ሲያወሩ እሰማለሁ፦ «የድሬዳዋ ሰው ጾምም ሃይማኖትም የለው ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁ!» ተናደድኩ። እኔን አንዷን አይተው እንዴት ድሬን በሙሉ ይፈርዱበታል? በጾም የሰው ፊት የማታይ እናት ነው ያሳደገችኝ! ወጥቼ ልመልስላቸው እስከ በሩ ሄድኩ። በሩ ላይ ወይዘሮ አልጋነሽ ትዝ አሉኝ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እሑድ

እማማ ሐዋ ከሁላችንም ቀድመው ተነስተው ነጭ ነጠላ ከእትዬ የሻረግ ተውሰው አመጡልኝ። እንዴት ብለው ደጃቸውን እንዳንኳኩ እንጃ። «ተነሽ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ልውሰድሽ» አሉኝ።

እስላም ሴትዮ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ስትሄድ ድሬ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ ቆመው ሰላም ይላሉ፣ «እንግዳዬ ናት፣ ልታስቀድስ ነው» ይላሉ። ሆን ብለው ነው፤ ሰፈሩ እንዲሰማ። ቅጥሩ ጋ ስንደርስ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «እዚህ ነኝ» አሉኝ።

ቅዳሴ ካበቃ በኋላ እትዬ የሻረግ ቄሱ ፊት አቀረቡኝ። የሆነውን ተናገርኩ። ቄሱ ጢማቸውን ይዘው አዳመጡኝ።

«ከየት ነሽ?»

«ከድሬዳዋ።»

«ብዪ ያለሽ ሰው አለ?»

«ኧረ አባቴ፣ ማንም አላለኝም! ራሴ ነኝ ተነስቼ የጎረስኩት።»

«ለምን?»

ይህን ሲሉኝ እንባዬ መጣ። «እህቴን ናፍቄ» አልኳቸው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ስግደት ሰጡኝ፣ ጉልበቴ እስኪቃጠል ሰገድኩ። ጸሎት ደግመው ጸበል ረጩኝ፤ የጥቅምት ማለዳ የጎጃም ጸበል ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፣ አጥንቴ ጮኸ። ከዚያ «ማን አመጣሽ?» አሉኝ። እማማ ሐዋ ውጭ እንደሚጠብቁኝ ስነግራቸው መስቀላቸውን ይዘው ወደ ዋርካው ወጡ። ሕዝቡ ሁሉ እያየ።

«እማማ ሐዋ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«አላህ ይመስገን አባ። ልጅቱ አገሩን አታውቀውም፣ ይፍቱልኝ» አሉ እማማ ሐዋ ብድግ ብለው።

«ፈትቻታለሁ። እርስዎም አይዘኑ።»

ከሰዓት በኋላ አያ ይግዛው በሩ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያ በግ ተበላሸ ወይስ አለ?» ብለው ገቡ። ድስቱ እንደገና ተጣደ። እኔ በትሪዬ፣ እነሩቂያ በትሪያቸው በላን። አያ ይግዛው በሥጋ ጠቀለሉና «ድሬዳዋ፣ ዛሬ እንኳ እኔ ላጉርስሽ» ብለው አጎረሱኝ፤ ሁሉም ሳቀ፣ እትዬ የሻረግ ከሁሉ በላይ።

ሰኞ

እማማ ሐዋ ራሳቸው «ሂዱ፣ ሐይቁ ዳር ብቻችሁን ዋሉ» ብለው አስወጡን። ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ያመጡትን ቆረሶ እዚያው ዳር ላይ የምትጠብስ ሴት አለች። ሁለት ዓሣ ጠበሰችልንና በአንድ ሳህን ላይ አቀረበችው። እኔ ከስንት ጉድ በኋላ ነኝ፣ እጄን ሰብስቤ ሩቂያን አየኋት።

«ብዪ፣ ዓሣ ነው» አለችኝ። «ዓሣ ቢላም ባራኪም አይጠይቅም፤ ከውኃ ሲወጣ በቃው። ያንቺም የእኔም ነው።»

ከአንድ ሳህን በላን። እሾሁን እየለቀመች ሥጋውን ወደ እኔ ትገፋዋለች። ስንት ዓመት የናፈቀኝ ይኼ ነው። ደስታው ደረቴ ላይ ከበደኝና «እንደ ድሮአችን» አልኳት።

ሩቂያ ጣቶቿን ጠረገች። «ጽጌ፣ አትቆጪኝና፣ ድሮ እኮ ሥጋውን አልበላም ነበር።»

«የምን ሥጋ?»

«የእናንተ ቤት የፋሲካውን። እናትሽ ‹ልጅ ምን ሃይማኖት አለው› እያሉ ያጎርሱኛል። በጉንጬ ይዤ እወጣና ለድመቷ እተፋላታለሁ። አንዳንዴ አንቺ ትከተይኛለሽ፣ ያኔ እውጠዋለሁ። የዋጥሁ ቀን የእናቴን ዓይን ማየት አልችልም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ደስ ብሎሽ ነበር። አንቺን እምቢ ማለት ደግሞ መቼ ችዬ አውቃለሁ?» አለች፣ እየሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ። «እዚህ በመጣሁ ዓመት እትዬ የሻረግ ልጃቸውን ዳሩ። የእኛን ድስት አውጥተው ‹ልጄ፣ ያንቺ ይኸ ነው፣ ሳትሳቀቂ ብዪ› አሉኝ። ሰው ቤት ሳልሳቀቅ ሥጋ የጎረስሁት ያን ቀን ነው።»

ወይዘሮ አልጋነሽን አነሳሁባት። «ኩባያውን በአመድ ፈትገውብሽ አልነበር?» አልኳት።

«እሳቸው? ያንቺንም ይፈትጉ ነበርኮ! የአሥር አለቃውንም። ንጽሕና አብዝተው አስቸግረው ነበር፤ ያቺን ቀን ብቻ ነው ያየሽው?» አለች።

ወላሂ ያቺን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። አንድ ቀን፣ አንድ ኩባያ። ከእሱ ላይ ስንት ዓመት ጎጃምን እንደ መሶብ ስሰፋ ኖርኩ። በአንድ ትሪ ላይ ደግሞ እኛ ድሬዎች ምን ያህል ደግ እንደሆንን ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ ይኼኛው ይበልጥ አመመኝ።

ፀሐይዋ ውኃው ላይ ዝቅ አለች። በመጨረሻ «እማማ ሐዋ ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ?» አልኳት።

«ሳትመጪ ነው የነገርኋቸው። ‹ልትወስደኝ ነው የምትመጣ› አልኋቸው።»

«እያወቁ ነው በግ ያሳረዱልኝ?»

«እያወቁ ነው» አለች። ከዚያ እጄን ያዘች። «ጽጌ፣ ከጠራሽኝ እመጣለሁ። ታውቂያለሽ።»

ማክሰኞ

እማማ ሐዋ አውቶቡስ ተራ አልመጡም። በሩ ላይ ግንባሬን ስመው፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጥተውኝ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። ሩቂያ ሻንጣ ይዛ ተከተለችኝ። የእኔን መስሎኝ ነበር፤ የእኔ ግን በእጄ ነው። የራሷ ነው። «እማማ ናቸው ያሰናዱት» አለችኝ። «‹ከሄድሽ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ፣ ከቀረሽም ቅሪ› አሉኝ። የኢድሪስን ሰዓት እንኳ ጨምረውልኛል።»

እኔም ለእሷ ያልነገርኳት ነገር ነበረኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ትኬት ቆርጫለሁ። ሁለቱም እጄ ውስጥ ነው፣ በላብ ርሷል።

ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ!» ይላል። ሩቂያ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ታየኛለች። በልጅነታችን ወደ እኛ ቤት ስጠራት የምታየኝ እንደዚህ ነበር፤ ያኔ ደስታ ይመስለኝ ነበር።

«ልምጣ?» አለችኝ።

ይህን ቃል ለመስማት ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት። «ነይ» ማለት ሁለት ፊደል ነው። አፌ ላይ ነበር።

«አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

እንባዋ ወረደ። ከዚያ ሳታውቀው ዞር ብላ ወደ ሰፈራቸው የሚወስደውን መንገድ አየች። በቃኝ። ሻንጣዋ ላይ ያለውን እጇን ያዝኩ፣ ሳምኩት።

«ሂጂ» አልኳት። «እማማ ቁርስ አልበሉም፤ እየጠበቁሽ ነው።»

አቀፈችኝ። ምን እንዳለችኝ በልቅሶ መሐል አልሰማሁትም፣ ብሰማውም እዚህ አልጽፈውም። በመስኮት ሳያት ሻንጣዋን ተሸክማ በዘንባባው ሥር ትሄዳለች፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ፈጠን ብላ። አልዞረችም። ብትዞር ኖሮ ከአውቶቡሱ እዘል ነበር፣ ወይም እጠራት ነበር፤ ብጠራትም ትመጣ ነበር።

አውቶቡሱ ሙሉ ነው፣ ከአጠገቤ ካለው መቀመጫ በቀር። መራዊ ላይ አንድ ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው «ሰው አለው?» አለኝ። «አለው» አልኩት። ዱርቤቴ ላይ አንዲት ሴት ጠየቀችኝ፣ «አለው» አልኳት። ዳንግላ ላይ የሚሳፈረው በዛና ረዳቱ ተናዶ መጣ።

«እህቴ፣ ከባሕር ዳር ጀምሮ አለው ትያለሽ። የታለ ታዲያ ሰውየው?»

ሁለቱንም ትኬት አውጥቼ ሰጠሁት።

«ቀርታለች» አልኩት። «ቦታው ግን የእሷ ነው።»